የቄሳር ቅድመ አያት

ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርና ሮም የምትኖር የወንድማቸው ልጅ፣ በዩልዮስ ቄሳር አደባባይ ፍርስራሽ አጠገብ ያደረጉት ምልልስ።

ብሌን፦ ጋሼ፣ እነዚያ ሦስት ዓምዶች ይታዩዎታል? እዚያ ታች ብቻቸውን የቆሙት። ቄሳር ያሠራው የቬነስ ቤተ መቅደስ ነው ይላሉ። እኔ ቬነስን የማውቃት የፍቅር አምላክ ስትባል ነው። ዕድሜውን በጦር ሜዳ የጨረሰ ሰው ከፍቅር አምላክ ጋር ምን አገናኘው?

ጋሼ፦ ዝምድና ነዋ። ቄሳር ዘሩን የሚቆጥረው ከእሷ ነበር። ቬነስ ከሟች ሰው ኤንያስን ወለደች፤ ኤንያስ ትሮያ ስትቃጠል ሽማግሌ አባቱን በጫንቃው ተሸክሞ አመለጠና ጣልያን ገባ። የልጁ ስም ዩሉስ ነበር። የዩልዮስ ወገን ደግሞ «እኛ ከዩሉስ የወጣን ነን» ባይ ነው።

ብሌን፦ ይኼን ቄሳር ራሱ ፈጥሮት ነው?

ጋሼ፦ አይደለም፤ ከእሱ በፊት የነበረ ነው። እሱ ገና ሳይወለድ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ103 ዓመት ግድም፣ ሌላ የዩልዮስ ወገን ሰው ቬነስን የፍቅር ሕፃናት በሚስቡት ሠረገላ ላይ አስቀምጦ በብር ገንዘብ ላይ አስቀርጿታል። ትልልቆቹ የሮም ቤተሰቦች ሁሉ እንዲህ ከአንድ አምላክ ወይም ከአንድ ጀግና ዘር ይቆጥሩ ነበር። የቄሳር ብልሃት በወረሰው ወሬ ምን እንደሠራበት ነው። ሮማውያን ንጉሣቸውን ያባረሩት በ509 ከክ.ል.በ. ነው ብለው ያምኑ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ንጉሥ» የሚባል ስም እንደ ስድብ ነበር፤ «ንጉሥ ሊሆን ይፈልጋል» የተባለ ሰው ለነፍሱ ይስጋ። ታዲያ በእንዲህ ያለ አገር አንድ ሰው ከሌላው በላይ ነኝ ሊል ቢፈልግ በምን በኩል ይበል?

ብሌን፦ በዘር በኩል።

ጋሼ፦ በዘር በኩል፤ ያውም በቀብር ላይ። በ69 ከክ.ል.በ. አክስቱ ዩልያ ሞተች። እሱ ገና ጀማሪ ሹም ነው። በአደባባይ ቆሞ ሲያወድሳት፣ በእናቷ በኩል ከጥንት የሮም ነገሥታት፣ በአባቷ በኩል ከቬነስ ትወለዳለች አለ። ነገሥታት ሰውን ይገዛሉ፤ አማልክት ደግሞ ነገሥታትን ይገዛሉ፤ ሁለቱም በዚህ ቤተሰብ አሉ ነው የንግግሩ ፍሬ። የሚያወድሰው አክስቱን ነው። የሞተች አሮጊት ሲያመሰግን የሚቆጣው ማን ነው? የአክስት ዘር የእሱም ዘር መሆኑን ግን ለቀስተኛው ሁሉ ያውቃል።

ብሌን፦ እኔ ግን ይኼ ሁሉ ንጹሕ የፖለቲካ ቅስቀሳ ነው የሚመስለኝ። በልቡ አያምንበትም። አማልክቱ የመድረክ ዕቃ ነበሩ።

ጋሼ፦ እዚህ ላይ አንስማማም። በቬነስ የተጠቀመ እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንደምትዪው ባልኩ። ግን ተሻሙባት እኮ! ከእሱ በፊት አምባገነኑ ሱላ በግሪክኛ ሲጽፍ ራሱን «የቬነስ ወዳጅ» እያለ ነበር የሚጠራው። ኋላ የቄሳር ባላንጣ የሆነው ፖምፔዮስ ደግሞ በ55 ከክ.ል.በ. ሮም አይታው የማታውቀውን የድንጋይ ቴአትር ሠራ። ቋሚ ቴአትር ቤት ለከተማዪቱ ጨዋነት አይበጅም የሚል የቆየ ተቃውሞ ነበርና፣ ከመቀመጫዎቹ አናት ላይ የድል ነሺዋን ቬነስ ቤተ መቅደስ አቆመበት። እኔ የሠራሁት ቤተ መቅደስ ነው፤ መቀመጫ የምትሉት የቤተ መቅደሱ ደረጃ ነው እንደ ማለት።

ብሌን፦ ይኸው! የእኔን ነው የሚያጠናክሩልኝ። ሽፋን አደረጋት ማለት ነው።

ጋሼ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። ቄሳርና ፖምፔዮስ በ48 ከክ.ል.በ. ፋርሳሎስ ላይ ተፋጠጡ። በዋዜማው ፖምፔዮስ ሕልም አየ። ቴአትሩ ውስጥ ገብቶ የቬነስን ቤተ መቅደስ በምርኮ ዕቃ ሲያስጌጥ፣ ሕዝቡም ሲያጨበጭብለት ነው ያየው። የሕይወት ታሪክ ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደጻፈው ሰውዬው በከፊል ደስ አለው፣ በከፊል ግን ደነገጠ። ያ ሁሉ ጌጥ ለቬነስ ከሆነ፣ ለቄሳር ቅድመ አያት ሊሆን ነዋ! በማግሥቱ የቄሳር ወታደሮች የተሰጣቸው የምልክት ቃል «ድል ነሺዋ ቬነስ» ነበር፤ የፖምፔዮስ ደግሞ «የማይሸነፈው ሄርኩለስ»። በአንድ ጀንበር አምላክ ለወጠ ማለት ነው። የመድረክ ዕቃ ናት ብሎ የሚያስብ ሰው ይኼን ያህል ከእሷ ይሸሻል?

ብሌን፦ ሕልሙን በኋላ ሰው ጨምሮበት ቢሆንስ?

ጋሼ፦ ሊሆን ይችላል። የጨመረውም ሰው ግን ሕልሙ ያስፈራል ብሎ ነው የጨመረው፤ የሚያነበውም እንዲሁ ነው የሚፈራው። እኔ ስለ ፖምፔዮስ ልብ ብቻ አይደለም የምከራከረው፤ በዚያ ዘመን ስለነበረው ሰው ሁሉ ነው።

ብሌን፦ እሺ፣ ቄሳር ካሸነፈ በኋላ ይኼን ሠራላት?

ጋሼ፦ ስለቷን አገባ። ልብ በይ፣ ፋርሳሎስ ላይ የተሳለው ለድል ነሺዋ ቬነስ ነበር። በ46 ከክ.ል.በ. መስከረም ላይ ሲያስመርቅ ግን ስሟ «ወላጇ ቬነስ» ሆነ። ድል ነሺዋ የፖምፔዮስም ነበረች፤ ወላጇ ግን የቄሳር ብቻ ናት። ለምርቃቱ በጣም ቸኩሎ ነበርና አርኬሲላዎስ የሚባለው ቀራጭ ሐውልቷን ገና ሳይጨርስ ነው ያቆሟት። የመሬቱ ዋጋ ብቻ፣ የቄሳሮችን ታሪክ የጻፈው ሱኤቶንዮስ እንደሚለው፣ ከ100 ሚሊዮን ሴስተርስ በላይ ፈጀ። የአንድ ተራ ወታደር የዓመት ደመወዝ በቄሳር ጊዜ 900 ሴስተርስ ነበር፤ እንግዲህ አንቺው አካፍዪው።

ብሌን፦ ከ110 ሺህ በላይ ወታደር የዓመት ደመወዝ! ለመሬት ብቻ?

ጋሼ፦ ለመሬት ብቻ። በውስጡ ያኖረውን ደግሞ ስሚ። ከብሪታንያ ሉል የተሠራ የደረት ጥሩር ለቬነስ ሰጠ። ብሪታንያን ሁለት ጊዜ ዘምቶባት ሳይይዛት ነው የተመለሰው፤ ያላቀናውን አገር በሉሉ በኩል ያቀናው አስመሰለ። የቁጣ ወሬ ያስነሳው ግን ሌላ ነው፤ ከቬነስ ጎን የክሊዮፓትራን የወርቅ ሐውልት አቆመ።

ብሌን፦ የግብፅን ንግሥት? እሷ ያኔ በሕይወት ነበረች እኮ።

ጋሼ፦ በሕይወት መኖር ብቻ አይደለም፤ እዚሁ ሮም መጥታ በቄሳር አጸድ ቤት ተቀምጣ ነበር። ቄሳርዮን የሚባለው ልጇም ከቄሳር ነው ይባል ነበር። በቅድመ አያቱ ጎን ማንን እንዳስቀመጠ ተመልከቺ። ሚስቱ ካልፑርንያ ግን እዚያ ሐውልት ቆመላት ሲባል አልሰማንም።

ብሌን፦ ይኼ ያሳዝነኛል፤ እውነቴን ነው የምልዎት። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሴት ሞልታለች፤ አክስት፣ አምላክ፣ ንግሥት። ሁሉም ግን የአንድን ወንድ ቁመት ለማስረዘም ነው የቆሙት።

ጋሼ፦ እውነት ብለሻል፤ በኋላም ባሰበት። እ.ኤ.አ. በ38 የቄሳር ካሊጉላ እህት ድሩሲላ ስትሞት፣ እዚሁ ቤት ውስጥ ከቬነስ ሐውልት እኩል የሆነ ሐውልት እንዲቆምላት ተወሰነ፤ አምላክ ናትም ተባለች። ልጅቷ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች። እሷ የምትፈልገውን የጠየቃት የለም።

ብሌን፦ ለቄሳር ግን ጠቀመው?

ጋሼ፦ ጠቀመውም፣ ገደለውም። አንድ ቀን የሴኔቱ አባላት በሙሉ ታላላቅ የክብር ውሳኔዎችን ይዘው መጡለት። እሱ በዚሁ ቤተ መቅደስ ፊት ተቀምጦ ነበር፤ ሲመጡም ሳይነሳ ተቀበላቸው። ሱኤቶንዮስ ከሁሉ ይልቅ የማይሽር ጥላቻ ያተረፈለት ይኼ ነው ይላል። እስቲ ቦታውን አስቢው። ሌላ ቦታ ቢሆን ስንፍና ወይም ንቀት ነው ይባል ነበር። በአያቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ሽማግሎችን የሚቀበል ሰው ግን ንጉሥ ይመስላል፣ ከንጉሥም በላይ። ሲገድሉትም በፖምፔዮስ ቴአትር ግቢ ባለው የሴኔት መሰብሰቢያ፣ ከፖምፔዮስ ሐውልት ሥር ነው የወደቀው።

ብሌን፦ ገንዘቡን እኔ ሙዚየም ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በ44 ከክ.ል.በ. የተመታውን ዲናር። ወንጌል ላይ ስለ ግብር ሲጠይቁት ጌታ «አሳዩኝ» ያለው ያው ዓይነት የብር ገንዘብ ነው። ከ4 ግራም የማይበልጥ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል። በአንዱ ወገን ቄሳር አለ፤ አንገቱ ቀጭን፣ የተሸበሸበ፣ የአክሊሉ ቅጠል ግንባሩ ድረስ የወረደ፤ ዙሪያውን የዘላለም አምባገነን የሚል ጽሑፍ። ስገለብጠው ቬነስ ቆማለች። በአንድ መዳፏ ላይ ክንፍ ያላት ትንሽ ሴት አለች፤ በሌላው እጇ በትር ይዛለች።

ጋሼ፦ ክንፍ ያላት የድል አምላክ ናት። ከዚያ በፊት በሮም ከተማ በተመታ ገንዘብ ላይ በሕይወት ያለ ሮማዊ መልኩ ተቀርጾ አያውቅም። ነውር ነበር። ቄሳር ነውሩን ሲደፍር ለብቻው አልደፈረም፤ ከጀርባው አያቱን አቆመ። ገንዘብ ደግሞ ማንበብ የማይችለውም ሰው ኪስ ይገባል። ጋል ውስጥ ያለ ወታደር ቤተ መቅደሱን አያየውም፤ ደመወዙን ግን ይቆጥራል።

ብሌን፦ ጋሼ፣ የእኛ ነገሥታትስ? ዘር መቁጠሩ የሮማውያን ብቻ አይደለም።

ጋሼ፦ ፈጽሞ አይደለም። ኢዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት በግሪክኛ ባስጻፈው ድንጋይ የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ነኝ ይላል፤ አሬስ ያለው በግዕዙ መሕረም የሚባለውን አምላክ ነው። በገንዘቡ ላይ ጨረቃና ክብ ምልክት ነበር፤ ካመነ በኋላ በቦታው መስቀል ገባ። ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ላይ ሳይቀር የዘር ሐረጉ ተጽፏል። ቄሳር በቀብር ላይ የተናገረውን እኛ በሕግ ጻፍነው።

ብሌን፦ ታዲያ ልዩነት የለውም ማለት ነው?

ጋሼ፦ አለው፤ የአገሬ ስለሆነ አይደለም እንዲህ የምለው። ንግሥተ ሳባ ሰው ናት፤ ሕዝቡ አልሰገደላትም፣ አልሠዋላትም። ንጉሡን የሚቀባውም ሌላ እጅ ነበር። በ1909 ዓ.ም. የመስቀል ዕለት አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ለልጅ ኢያሱ ከገባው መሐላ ሲፈቱ፣ የሰሎሞን ዘር መሆን ልጅ ኢያሱን አላስጣለውም። ቄሳር ግን ከ63 ከክ.ል.በ. ጀምሮ የሮም ሊቀ ካህናት ራሱ ነበር። አያቱም የእሱ፣ ቤቷም የእሱ፣ ካህኑም እሱ። ከአውግስጦስ ወዲህ የነገሡት ቄሳሮችም ይህን ማዕረግ ለሌላ አልሰጡም፤ ለዘመናት ይዘውት ኖረዋል።

ብሌን፦ አውግስጦስ ግን የሥጋ ልጁ አልነበረም።

ጋሼ፦ የእህቱ የልጅ ልጅ ነው፤ በኑዛዜ ነው ልጅ ያደረገው። ግን ሰማይ ረዳው። ቄሳር በተገደለ በአራተኛው ወር፣ ኋላ አውግስጦስ የተባለው ወጣቱ ኦክታቭያኖስ ለቬነስ ክብር የሚደረገውን ጨዋታ ሲያካሂድ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ ሰባት ቀን በራ። ሕዝቡ የቄሳር ነፍስ ወደ አማልክት ወጣች አለ። ልጁም ከቄሳር ሐውልት ራስ ላይ ኮከብ አስደረገበት። ከዚያ በኋላ «የአምላክ ልጅ» የሚለው ማዕረጉ ሆነ። በቫቲካን ያለውን ትልቁን የአውግስጦስ ሐውልት አይተሽው የለ?

ብሌን፦ እ.ኤ.አ. በ1863 ከሚስቱ ከሊቪያ ቤት ፍርስራሽ የወጣውን? አይቻለሁ። ከቀኝ እግሩ አጠገብ ዶልፊን ላይ የተቀመጠ ሕፃን አለ። መጀመሪያ ሐውልቱን ለመደገፍ የተቀረጸ መስሎኝ ነበር።

ጋሼ፦ መደገፉንም ይደግፋል። ሕፃኑ ግን ኩፒድ ነው፤ የቬነስ ልጅ። ቬነስ ራሷ ሳትቀረጽ ዘመድነቱ ተነገረ። እንዲህ እያለ እስከ ኔሮን ደረሰ፤ ኔሮን እ.ኤ.አ. በ68 ራሱን ሲገድል የዚያ ቤት ዘር አበቃ። አሁን የእኔንና የአንቺን ክርክር የሚቆርጥ ነገር ልንገርሽ። ከኔሮን በኋላ ሽማግሌው ጋልባ ነገሠ። በቱስኩሉም የዕድል አምላክ ሐውልት ነበረው፤ ለእሷ ብሎ ሉልና የከበረ ድንጋይ ያለበት የአንገት ጌጥ አሠራ። ኋላ ግን ይኼ ለበለጠ ቦታ ይገባል ብሎ በካፒቶል ላለችው ለቬነስ ሰጣት። ማታ የዕድል አምላክ በሕልሙ መጥታ «የእኔን ስጦታ ለሌላ ሰጠህ፤ እኔም የሰጠሁህን እወስዳለሁ» አለችው። ሲነጋ ሽማግሌው ደንግጦ ለመሥዋዕት ወደ ቱስኩሉም ሮጠ። ሰባት ወር ያህል ገዝቶ ተገደለ። ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ይጠቀሙባት ነበር፤ ግን ይፈሯትም ነበር። ሁለቱ አብሮ ይኖራል።

ብሌን፦ ታዲያ ዘሩ ካለቀ በኋላ ቬነስ ለምን አልቀረችም?

ጋሼ፦ ጎበዝ። የመጡት ቄሳሮች ከሌላ ቤት፣ ከሌላ አገር ነበሩ። የሃድርያኖስ ቤተሰብ ከስጳንያ ነው፤ ኤንያስ አያቴ ነው ቢል የሚስቅበት ይበዛል። ስለዚህ ቬነስን የአንድ ቤት አያት ከመሆን አውጥቶ የሮማውያን ሁሉ እናት አደረጋት። ከኮሎሲየም ፊት ለፊት ባለው ከፍታ ላይ እ.ኤ.አ. በ121 የጀመረው ቤተ መቅደስ ሁለት ክፍል አለው፤ ጀርባ ለጀርባ። በአንዱ ቬነስ ወደ ኮሎሲየም ትመለከታለች፤ በሌላው የከተማዪቱ አምላክ ሮማ ወደ አደባባዩ። ለቦታው ሲባል የኔሮንን ግዙፍ የነሐስ ሐውልት በ24 ዝሆኖች አስጎትቶ አዛወረው ይባላል። በዚያ ቤት ከተደረገው ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን የሙሽሮቹ ነገር ነው።

ብሌን፦ የምን ሙሽሮች?

ጋሼ፦ የቄሳር ማርቆስ አውሬልዮስ ሚስት ፋውስቲና ከሞተች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ176 ሴኔቱ የሁለቱን የብር ምስል በዚያ ቤተ መቅደስ አቁሞ መሠዊያ አሠራ። በከተማዪቱ የሚጋቡ ልጃገረዶች ሁሉ ከእጮኞቻቸው ጋር መጥተው በዚያ መሠዊያ እንዲሠዉ አዘዘ። እስቲ አስቢው። የቄሳር ምስል ገንዘብሽ ላይ አለ፤ ወታደሩ ከተማሽ ውስጥ አለ፤ አሁን ደግሞ ሠርግሽ ውስጥ ገባ። የትኛውም አዋጅ እዚያ ድረስ አይገባም። በቬነስ በኩል ግን ገባ።

ብሌን፦ ከዚያ ቤተ መቅደስ አጠገብ ባለው በማክሴንትዮስ ባዚሊካ ግንብ ላይ የእብነ በረድ ካርታዎች አሉ፤ በየቀኑ አልፋቸዋለሁ። አራት ናቸው፤ ሮም ከአንዲት ነጥብ ተነሥታ እንዴት እንደሰፋች የሚያሳዩ።

ጋሼ፦ አምስት ነበሩ። አራቱ እ.ኤ.አ. በ1934 ተሰቀሉ። አምስተኛው እ.ኤ.አ. በ1936 ተጨመረ፤ በእሱ ላይ ኢትዮጵያ ነበረችበት። ከጦርነቱ በኋላ ነው ያወረዱት። አሁን የቆምንበት ጎዳና ራሱ እ.ኤ.አ. በ1932 ሲከፈት «የግዛተ መንግሥት ጎዳና» ይባል ነበር፤ የሰው መንደር አፍርሰው ነው የጠረጉት። ያን ጊዜ ነው እነዚህን ሦስት ዓምዶችም መልሰው ያቆሟቸው። በዚያኛው ጫፍ፣ በፒያሳ ቬኔዚያ፣ የሮማን ምስል የተሸከመው ትልቁ ነጭ ሐውልት አለ፤ በዚህኛው ጫፍ የሃድርያኖስ የቬነስና የሮማ ቤተ መቅደስ። ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ የሮም ግዛተ መንግሥት ተመለሰ ብሎ ያወጀው ከዚያው አደባባይ ሰገነት ላይ ነው። በዓመቱ የአክሱምን ሐውልት አምጥተው እዚህ ከተማ ተከሉት፤ አገሩ የተመለሰው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

ብሌን፦ ሙሶሊኒም እንግዲህ ያንኑ ነው ያደረገው።

ጋሼ፦ ያንኑ አይደለም፤ የባሰ ነው። ፖምፔዮስ በሕልሙ ደንግጧል፤ ጋልባ ለመሥዋዕት ሮጧል። ያቺ አምላክ በቃኝ ብላ ልትተወኝ ትችላለች የሚል ሥጋት ነበረባቸው። ሙሶሊኒ ግን ሐውልቷንና ዓምዷን ብቻ ነው የወሰደው። አንድም ሌሊት በእሷ ምክንያት እንቅልፍ አላጣም። ጣዖት ይሻል ነበር ማለቴ አይደለም። የሚፈሩት ነገር የሌላቸው ሰዎች በጋዝ ምን እንዳደረጉን አውቃለሁና ነው።

ብሌን፦ እርስዎን ማሳዘን አልፈልግም፤ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቄሳር በጋል ዘመቻው ስንት ሰው ገደለ ይባላል?

ጋሼ፦ ፕሉታርክ አንድ ሚሊዮን ይላል፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ማረከ። ቁጥሩ የተጋነነ ሊሆን ይችላል።

ብሌን፦ ግማሹን ይቀንሱት። ቄሳር ቬነስን ይፈራ ነበር ብለዋል። እሷ የተቀረጸችበት ቀለበት በጣቱ ነበረ፤ ስሟን የምልክት ቃል አድርጎ ተዋጋ። ይኼ ፍርሃቱ ለጋሎች ምን ጠቀማቸው?

ጋሼ፦ ምንም። ፍርሃቱ ለራሱ ዕድል ነበር እንጂ ለእነሱ አልነበረም፤ ይኼን ልክድሽ አልችልም። ያውም እዚህ ታች የምታዪው መሬት የተገዛው ከእነሱ በተማረከው ሀብት ነው።